ለቤተሰብ የሚሆን ጌም ለመሥራት የትኛውን መሣሪያ ልምረጥ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምንኖረው። ቀን ቀን መሥሪያ ቤት ሒሳብ እሠራለሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደግሞ ላፕቶፔን ከፍቼ ጌም እሠራለሁ። ለሽያጭ አይደለም። ለእናቴ፣ ለሁለቱ ልጆቼና ጅቡቲ ለሚኖረው ወንድሜ ነው። የመጀመሪያው ገበጣ ነበር። እናቴ ቡና ለመጣ ጎረቤት ሁሉ ስልኳን እያወጣች ስታሳይ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ከዚያ ወዲህ ጠያቂ አላጣሁም። የሥራ ባልደረቦቼ ይጠይቁኛል፣ የልጆቼ ጓደኞች ወላጆች ይጠይቁኛል፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡ የሰፈር ልጆችም ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ መልሻቸዋለሁ።

በየትኛው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልጀምር?

ቋንቋውን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ወረቀት አውጡና ሁለት ነገር ጻፉ። ማን ነው የሚጫወተው? በምን ላይ ነው የሚጫወተው?

የእኔ ወረቀት እንዲህ ይል ነበር። እናቴ፦ አሮጌ አንድሮይድ፣ ሚሞሪው ሁልጊዜ ሙሉ፣ ደቃቅ ጽሑፍ አይታያትም። ልጆቹ፦ የእኔን ስልክ እየተቀባበሉ። ወንድሜ፦ አይፎን፣ ጅቡቲ። እነዚህ ሦስት መስመሮች ግማሹን ምርጫ ጨረሱልኝ። ጌሙ አንድሮይድም አይፎንም ላይ መከፈት አለበት። ስልኩ ላይ ቦታ መያዝ የለበትም። ስለዚህ ብራውዘር ላይ የሚሠራ መሆን ነበረበት። ብራውዘር የሚረዳው ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ላይ የደረስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው የሚደክመው ከመሣሪያው ስለሚጀምር ይመስለኛል። ከሁሉም ይበልጣል የተባለውን ኤንጂን (የጌም መሥሪያ ፕሮግራም) ያወርዳል፣ ቪዲዮ እያየ ወራት ይፈጃል፣ ቤተሰቡ እጅ ላይ ግን ምንም አይደርስም። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ እቤታችሁ ባለው ስልክ ላይ የሆነ ነገር ለማየት የሚያበቃችሁን መሣሪያ ያዙ። ትንሽ ይሁን፣ ግድ የለም። እናትየው ነካ ስታደርገው የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ሌላው ሁሉ በኋላ ይመጣል።

እሺ፣ በስም ንገሪን። ምን ምን አለ?

ልጅ አብሮ የሚሠራ ከሆነ ስክራችን ያዙ። አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የወጣ ነው። ኮድ በጽሑፍ አይጻፍበትም። ባለቀለም ብሎኮች እየተገጣጠሙ ትእዛዝ ይሆናሉ። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የኮምፒውተር ቅጂም አለው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ከቋንቋ ምርጫዎቹ አንዱ አማርኛ መሆኑን ነው። መድረኩ ትንሽ ነው፣ 480 በ360 ነጥብ (ፒክስል)። ጌሙ እየሰፋ ሲሄድ ብሎኮቹ ይተበተባሉ። በራሱ ወደ ስልክ አፕ አይቀይርም፤ ነገር ግን ተርቦዋርፕ የሚባል ነፃ መሣሪያ የስክራችን ሥራ ወደ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል፣ ማለትም ብራውዘር ወደሚከፍተው ገጽ፣ ይጠቀልለዋል። ያ ፋይል ለአክስት፣ ለአጎት የሚላክ ነገር ነው።

አንድ ስክሪን ላይ የሚያልቅ ጨዋታ ከሆነ፣ ማለትም ገበጣ፣ ዳማ፣ የቃላት ጨዋታ፣ ጥያቄና መልስ ከሆነ፣ ኤችቲኤምኤልና ጃቫስክሪፕት ይበቃል። የሚጫን ነገር የለም። ኖትፓድና ብራውዘር ካላችሁ ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ። ስሕተት ሲኖር ብራውዘሩ ራሱ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይነግራችኋል።

የሚሮጥ፣ የሚዘል፣ የሚጋጭ ነገር ካለው ጎዶት የሚባለውን ኤንጂን ነው የምመክረው። ሁለት አርጀንቲናውያን የጀመሩት ነው፤ ኮዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሁሉም ክፍት ሆነ። ክፍያ የለውም፣ ከሸጣችሁት እንኳ ድርሻ አይጠይቅም። ማውረጃው ፋይል 100 ሜጋባይት ግድም ነው። ዚፑን ፈትቶ መክፈት ብቻ ነው፣ ኢንስቶል እንኳ አይደረግም። ጂዲስክሪፕት የሚባለው የራሱ ቋንቋ ፓይተንን ይመስላል። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ እወቁ። የሠራችሁትን ወደ ስልክ ወይም ወደ ብራውዘር ለማውጣት ኤክስፖርት ቴምፕሌት የሚባሉ ፋይሎች ለብቻቸው ይወርዳሉ፣ እነሱ ወደ አንድ ጊጋባይት ይጠጋሉ። እኔ በሌሊት ፓኬጅ ነው ያወረድኳቸው።

ተረት ነገር ከሆነ፣ ተጫዋቹ «ወደ ቀፊራ ልሂድ ወይስ ዴቻቱን ልሻገር?» እያለ መንገዱን የሚመርጥበት ከሆነ ደግሞ ትዋይን አለ። ዋናው ሥራ መጻፍ ነው። ሲያልቅ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ይሰጣችኋል። አያቶች የሚያውቁትን ተረት ለልጅ ልጅ ለማስተላለፍ ከዚህ የሚቀል መንገድ አላየሁም።

ፓይተን ተምሬአለሁ። በእሱ ልሥራው?

ቤተሰባችሁ ላፕቶፕ ላይ የሚጫወት ከሆነ፣ አዎ። ፓይጌም የሚባለው ላይብረሪ (ለጌም የሚሆን የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) ደስ ይላል፣ ለመማርም ቀላል ነው። ችግሩ ስልክ ላይ ማድረስ ነው። መንገዱ አለ፣ ግን ረጅምና አድካሚ ነው። ፓይተን የምታውቁ ሰዎች ጎዶትን ስትከፍቱ ብዙም ባይተዋር አትሆኑም።

ሁሉም ሰው ዩኒቲ ይላል። እሱስ?

ትልቅና ጠንካራ መሣሪያ ነው። ሥራ ለመቀጠር የሚማር ወጣት ከጠየቀኝ ተማረው እለዋለሁ። ለቤት ጌም ግን ከሚገባው በላይ ከባድ ነው። ሲጫን ብዙ ጊጋባይት ይወስዳል፣ ከዚያም በየጊዜው አዲስ ቅጂ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ድርጅቱ ጌም በተጫነ ቁጥር ገንዘብ እንዲከፈል የሚያደርግ ደንብ አወጣ። ሠሪዎቹ አጥብቀው ተቃወሙ፣ ከዓመት በኋላም ተሰረዘ። ለእናቱ ገበጣ የሚሠራን ሰው የሚነካ አልነበረም። ያኔ ግን ብዙ ሰው ወደ ጎዶት ፊቱን አዞረ፣ የጎዶት መማሪያ ቪዲዮም የዚያን ጊዜ በዛ። አንሪል የሚባለው ሌላው ኤንጂን ደግሞ ከዚህም የከበደ ነው፤ ኃይለኛ ኮምፒውተር ከሌላችሁ አትሞክሩት።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ነው። ይበቃል?

ለስክራች፣ ለኤችቲኤምኤልና ለትዋይን ያለ ጥርጥር ይበቃል። ለጎዶትም ባለ ሁለት ገጽታ (2ዲ) ጌም ከሆነ ይሄዳል። አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ሬንደረሩን፣ ማለትም ሥዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣውን ክፍል፣ ይጠይቃችኋል። «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ምረጡ። ሌሎቹ ቩልካን የሚባለውን የግራፊክስ ቴክኖሎጂ ስለሚፈልጉ አሮጌ ማሽን ላይ ጭራሽ ላይከፈቱ ይችላሉ። የድሮ ስልኮችም የሚስማማቸው እሱ ነው።

ሌላው የድሬ ሙቀት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ላፕቶፕ አልጋ ላይ አስቀምጦ መሥራት ማሽኑን መግደል ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ ከኋላ በሁለት የጠርሙስ ቆርኪ ከፍ አድርጉት፣ አየር ይግባው። እኔ በሙቀቱ ወራት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ እስከ 12 ተኩል እሠራለሁ። ያቺ ሰዓት ትልቅ ናት። ፋኑ አይጮህም፣ ልጆች አይጠሩም፣ ባጃጁም ገና አልወጣም።

ላፕቶፕ ጭራሽ የለኝም። በስልክ ብቻ ይቻላል?

ይቻላል። ስልክ ላይ የጽሑፍ ኤዲተር አፕ ጭናችሁ ኤችቲኤምኤል መጻፍና እዚያው በብራውዘር መክፈት ትችላላችሁ። ጎዶትም የአንድሮይድ ቅጂ አለው፤ ታብሌት ላይ ጥሩ ነው፣ ስልክ ላይ ግን አዝራሮቹ ይደቅቃሉ። ስክራችን በስልክ መጫወት እንጂ መሥራት ይከብዳል። የሰፈራችን አንድ ልጅ ሙሉ የማባዛት ጨዋታ ለእህቱ በስልኩ ጽፎ ጨርሷል። በአውራ ጣቱ። ጊዜ ወስዶበታል፣ ግን እህቱ 7 ሲባዛ በ8ን አሁን አትሳሳትም።

የአማርኛው ፊደል ሳጥን ሳጥን ሆነብኝ። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጌሜ የባጃጅ ጌም ነበር፣ በጎዶት የሠራሁት። ከከዚራ ጥላማ መንገዶች ተነስቶ መጋላ ገብቶ ሰው ያደርሳል። ላፕቶፔ ላይ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይታያል። ለበዓል ቤተሰብ ተሰብስቦ ሳለ በብራውዘር ከፍቼ ለልጄ ሰጠሁት። «ጀምር» የሚለው ቃል ሦስት ባዶ ሳጥን ሆኖ መጣ። ልጄ ሳጥኖቹን አይቶ «እማዬ፣ ይሄ ምን ይላል?» አለኝ። በጣም ነበር ያዘንኩት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጎዶት ይዞት የሚመጣው ፎንት (የፊደላትን መልክ የያዘው ፋይል) የግዕዝ ፊደል የለውም። ላፕቶፕ ላይ ስትሠሩ ግን ከኮምፒውተሩ ፎንት ተበድሮ ያሳያችኋል፤ ስለዚህ ችግሩ አይታያችሁም። ብራውዘር ላይ ሲወጣ የሚበደርበት የለውም። መፍትሔው ፎንቱን ራሳችሁ ፕሮጀክቱ ውስጥ ማስገባት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን አውርዱ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ጌም ውስጥ አካትቶ ማሰራጨትም ይፈቀዳል። ፋይሉን ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ክተቱና የፕሮጀክቱ ዋና ፎንት አድርጉት። ፓይጌምም ላይ ያው ነው፤ የራሱን ፎንት ትታችሁ የፎንቱን ፋይል በስሙ ጥሩት። ኤችቲኤምኤል ላይ የዛሬ ስልኮች በራሳቸው የአማርኛ ፎንት ስላላቸው ብዙ ጊዜ ችግር የለም።

ጽሑፋችሁን ከድሮ ሰነድ ኮፒ የምታደርጉ ከሆነም ተጠንቀቁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ነገር ጌማችሁ ውስጥ ሲገባ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። እንደገና መጻፍ ይሻላል።

መጠኑንም አትርሱ። ሉ እና ሊ የሚለያዩት በጭረቷ ቦታ ብቻ ነው። የድሮ ጌም መልክ ለመስጠት ብላችሁ ፊደሉን ወደ 8 ነጥብ ካሳነሳችሁት ጭረቷ ትጠፋለች፣ አንባቢው ይሳሳታል። ላቲን የሚችለውን ማነስ የእኛ ፊደል አይችልም። ለእናቴ ስል ትልቅ ጻፍኩት፣ በመስመሮቹ መካከልም ክፍተት ጨመርኩ። ልጆቹም ወደዱት።

አንድ ምክር ልጨምር። ተጫዋቹ በአማርኛ እንዲጽፍ አታስገድዱት። የስልኩ ኪቦርድ ግማሹን ስክሪን ይሸፍናል፣ ቋንቋ ለመቀየር ደግሞ እናቶች ይቸገራሉ። የሚያስፈልጉትን ፊደሎች ራሳችሁ አዝራር አድርጋችሁ ስክሪኑ ላይ ደርድሩ። ከ33ቱ ፊደላት እስከነ ዘሮቻቸው 231 ይሆናሉ፤ ለአንድ ጥያቄ ግን ከ10 በላይ አያስፈልግም።

እኛ ቤት ሦስት ቋንቋ ነው የሚነገረው። ሁሉንም ማስገባት ይቻላል?

ድሬ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። አማት በሶማሊኛ፣ አባት በኦሮምኛ፣ ልጆች በአማርኛ የሚያወሩበት ቤት ስንት አለ። የሚጠቅመው ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጽሑፉን ከኮዱ መለየት ነው። «ጀምር»፣ «አሸነፍክ»፣ «ተራህ ነው» የሚሉትን ቃላት ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቧቸው፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ወይም ስም ስጡት። በኋላ ሌላ ቋንቋ ስትጨምሩ አንድ አምድ መጨመር ብቻ ይሆናል። ቃላቱ በኮዱ ውስጥ ተበትነው ከሆነ ግን እየለቀሙ መቀየር ያታክታል። ኦሮምኛና ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ቃላቸው በስክሪን ላይ ረዘም ይላል። አዝራሩን ሰፋ አድርጉት።

የትኛውን ጨዋታ ልሥራ?

ቤታችሁ ውስጥ ሕጉ የሚታወቀውን። ሕጉን ስትፈልጉ ሄዳችሁ የምትጠይቁት ሰው አጠገባችሁ አለ፤ ጌሙም ሲሳሳት ወዲያው ያውቁባችኋል።

ገበጣን ምሳሌ ላድርግ። ባለ 12 ጉድጓድም ባለ 18 ጉድጓድም አለ። እኛ ቤት የሚጫወቱት በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ ያለውን፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48 ነው። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያየው እንደ 12 ቁጥሮች ዝርዝር ነው። ጉድጓዶቹን ከ0 እስከ 11 ቁጥር ስጧቸው። 9 ቁጥር ከያዘው ጉድጓድ 5 ጠጠር ብታነሱ 10፣ 11፣ ከዚያ ወደ 0፣ 1፣ 2 ትዞራላችሁ። ዙሩን የሚሠራው ቀሪ የሚባለው የሒሳብ ትምህርት ነው። 12 ለ12 ሲካፈል ቀሪው 0፣ 13 ሲካፈል 1። ሙሉው የገበጣ ልብ ይህ ነው። ይህን የገባው ሰው ከባዱን ጨርሷል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ። አንድ ጉድጓድ ውስጥ 12 ወይም ከዚያ በላይ ጠጠር ቢጠራቀምስ? ዞረን የተነሳንበት ጉድጓድ ላይ ስንደርስ እንጥልበታለን ወይስ እንዘለዋለን? እናቴን ጠየቅኋት። አሰበች፣ አሰበችና «እንዴት ነበር?» አለች። በቃል ሊመጣላት አልቻለም። የእንጨት ገበጣዋን አወረደች፣ ጠጠሮቹን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከመረች፣ ከዚያ ሳታስብ መጣል ጀመረች። እጇ ባዶው ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ዘሎት አለፈ። ቀና ብላ አየችኝና «አይጣልበትም» አለችኝ። ስድሳ ዓመት የተጫወተችውን ሕግ በአፏ ስትናገረው የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ከዚያ ወደ ኮዱ አስገባሁት።

በሳምንቱ ከሐረር የመጡ ጎረቤታችን ተጫውተውት «አቦ፣ ይሄማ ትክክል አይደለም፣ ይጣልበታል» አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ገበጣ ከቤት ቤት ይለያያል። ስለዚህ መነሻው ገጽ ላይ ሁለት አዝራር አስቀመጥኩ። አንዱ «በእማማ ሕግ»፣ ሌላው «በጎረቤታችን ሕግ» ይላል። ጎረቤታችን አሁን በራሳቸው ሕግ ነው የሚጫወቱት።

ስሕተት ለመያዝም አንድ ዘዴ አለ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ይህ ዘዴ በጣም ደስ ይለኛል። ጠጠር አይጠፋም፣ አይፈጠርምም። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ በጉድጓዶቹ ያለውና የተበላው ተደምሮ 48 መምጣት አለበት። 47 ወይም 49 ከመጣ ኮዳችሁ አንድ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው። ይህን ቼክ ኮዱ ውስጥ ጻፉት፣ ራሱ ይጩህላችሁ።

ጠጠሮቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ይታዩ። እኔ መጀመሪያ በአንዴ እንዲበተኑ አድርጌ ነበር። እናቴ በከንፈሯ ነው የምትቆጥረው፤ መቁጠር ሲያቅታት «ስልኩ አጭበረበረኝ» አለች። በየጠጠሩ መሐል የሰኮንድ ሲሶ ያህል ዝግታ ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ አመነችው።

ሥዕሉንና ድምፁን ከየት ላምጣ?

ከቤት። ልጆቹ በወረቀት ይሳሉ፣ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ዳራውን ቆርጣችሁ አውጡት። ጊምፕና ክሪታ የሚባሉት የሥዕል ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው። የገበጣዬ ክፈፍ ቀለሞች እናቴ ግድግዳ ላይ ከሰቀለችው የሐረር ስፌት የተወሰዱ ናቸው፤ ፎቶ አንስቼ ቀለሙን አንድ በአንድ ለቀምኩት። የጠጠሩን ድምፅ ከራሱ ከእንጨት ገበጣው ነው የቀዳሁት፣ ሌሊት፣ መንገዱ ጸጥ ሲል። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጫፍና ጫፉን ቆረጥኩት። የታወቀ ዘፋኝ ዘፈን ግን አታስገቡ። ቤት ውስጥ ቢቀርም ነገ ሊንኩ ከእጃችሁ ይወጣል፣ የሰው ሥራ ነው።

ሠርቼ ጨረስኩ። እንዴት ላድርስላቸው?

አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ከሆነ በቴሌግራም ላኩት። አንድሮይድ ላይ በብራውዘር ይከፈታል። ሥዕሉና ድምፁ ፋይሉ ውስጥ የተጠቀለለ ይሁን፣ አለዚያ ጌሙ ብቻውን ሄዶ ሥዕሉ እዚህ ይቀራል። አይፎን ላይ ግን ፋይሉን ሲነኩት ቅድመ ዕይታ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ጃቫስክሪፕቱ አይሠራም። ወንድሜ «ሥዕሉ አለ፣ ጠጠሩ ግን አይንቀሳቀስም» ሲለኝ ነው ያወቅኩት። ለእሱ ስል ጊትሃብ ፔጅስ የሚባለው ነፃ ቦታ ላይ አስቀምጬ ሊንኩን ላክሁለት። በደቂቃ ውስጥ ከፈተው።

የጎዶት የብራውዘር ቅጂ ፋይሉን በመንካት አይከፈትም፣ ሰርቨር (ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር) ላይ መቀመጥ አለበት። ለዚህ ኢች አይኦ የሚባለው የጌም ድረ ገጽ ላይ በነፃ መጫን ትችላላችሁ፤ ገጹን በይለፍ ቃል መቆለፍም ይቻላል።

ኤፒኬ (አንድሮይድ ላይ የሚጫን የአፕ ፋይል) አድርጋችሁ የምትልኩ ከሆነ ስልኩ «ካልታወቀ ምንጭ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ አጠገባቸው ሆናችሁ ጫኑላቸው። ኤፒኬውን የምትፈርሙበትን የቁልፍ ፋይልም በደንብ አስቀምጡ። ቁልፉ ከጠፋ አዲሱ ቅጂ በአሮጌው ላይ አልጫን ይላል። አሮጌውን ማጥፋት ግድ ይሆናል፣ አብሮትም የልጆቹ ነጥብ ይጠፋል። ነጥቡ የጠፋበት ልጅ በቀላሉ አይጽናናም።

ፕሌይ ስቶር ላይ ማውጣት አለብኝ?

ለቤተሰብ አያስፈልግም። የአንድ ጊዜ 25 ዶላር ያስከፍላል። አዲስ የግል አካውንት ከሆነ ደግሞ 12 ሰዎች ለ14 ቀናት በተከታታይ እንዲሞክሩት ይጠይቃል። ዶላሩን ለመክፈል የሚሆን ካርድ ማግኘትም ሌላ ሥራ ነው።

መብራት ሲሄድ ሥራዬ ጠፋ። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

ቪኤስ ኮድ የሚባለውን ኤዲተር የምትጠቀሙ ከሆነ ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ ማስተካከያው ላይ አብሩለት። ይህ ትንሹ ነው። ትልቁ ጉዳት የደረሰብኝ ከመብራት አይደለም። ላፕቶፔን አንድ ቦታ ለጥገና ሰጥቼ፣ ሳይጠይቁኝ ሃርድ ዲስኩን አጽድተው መለሱልኝ። የሦስት ወር ሥራ ሄደ። የልጄ የመጀመሪያ የባጃጅ ሥዕልም አብሮ ሄደ፣ ወረቀቱን ጥለነው ነበር።

አሁን በየሳምንቱ ዓርብ ፎልደሩን ዚፕ አድርጌ ቀኑን ስሙ ላይ እጽፋለሁ። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ። ጊት የሚባለውን፣ የኮድን ለውጥ ሁሉ መዝግቦ የሚያስቀምጠውን ፕሮግራም፣ መማር ከቻላችሁ ከዚህም የተሻለ ነው። እስከዚያው ግን ፍላሽና ቴሌግራም አያሳፍሩም። ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ግድ ኮፒ አድርጉ።

ኮዱን ኤአይ ቢጽፍልኝስ?

እኔም እጠቀማለሁ። በተለይ የእንግሊዝኛ የስሕተት መልእክት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት በጣም ይረዳል። ሙሉ ጌም በአንድ ጊዜ ጻፍልኝ ስትሉት ግን የሚሠራ የሚመስል፣ ስትነኩት ግን የሚፈርስ ነገር ይመጣል፣ እናንተም የት እንደተሳሳተ አታውቁትም። ትንሽ ትንሽ ጠይቁት፣ እያንዳንዷን ሞክሩ። የገበጣን ሕግ ስጠይቀው የሌላ አገር ሕግ ነው የነገረኝ። ለሕጉ እናቴ ትበልጣለች። አማርኛውንም ራሳችሁ አንብቡት፤ ለአያት «አንቺ» የሚል ጌም ቤት ውስጥ ደስ አይልም።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። አብረን መሥራት እንችላለን?

በደንብ። ስክራች ላይ ጀምሩ፣ እሷ የኮምፒውተሩን አይጥ (ማውሱን) ትያዝ፣ እናንተ አጠገቧ ተቀመጡ። እጃችሁን አይጡ ላይ አለማድረግ ይከብዳል፣ ግን ታገሡ። የእኔ ልጅ መጀመሪያ የሠራችው ፍየል ቄጤማ ስትበላ የምትጮህበት ነው። ለሦስት ቀን ሌላ ምንም አልተሰማም ነበር ቤታችን ውስጥ።

እኔና ወንድሜ በተለያየ አገር ሆነን በኢንተርኔት እንድንጫወት ማድረግ ይከብዳል?

ይከብዳል። ሰርቨር ያስፈልጋል፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ምን እንደሚሆን ማሰብ ያስፈልጋል፣ ሁለቱ ስልኮች አንድ ዓይነት ጠጠር እንዲያዩ ማድረግም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለመጀመሪያ ጌም አልመክርም። አንድ ስልክ እየተቀባበሉ መጫወት ይበቃል።

እኛ ያደረግነው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ቁጥር ጻፍኩበት። ወንድሜ ጅቡቲ ሆኖ በቴሌግራም በድምፅ «አራት» ብሎ ይልካል። እናቴ ድምፁን ከፍታ ትሰማለች፣ በስልኳ ላይ 4ን ለእሱ ትነካለታለች፣ ከዚያ የራሷን ትጫወትና ቁጥሩን መልሳ ትልክለታለች። እሱም በራሱ ስልክ ላይ እንዲሁ ያደርጋል። አንድ ጨዋታ አንዳንዴ ሦስት ቀን ይፈጃል። ከቁጥሩ በኋላ መልእክቱ አይቆምም፤ ምሳ ምን እንደበላ፣ ሙቀቱ እንዴት እንደሆነ፣ ልጁ ጥርስ ማብቀሉን ይነግራታል። ሰርቨሩን ለመሥራት አስቤ ነበር። እናቴን ስጠይቃት «ተይው፣ እንዲህ ይሁን» አለችኝ።